«ፎርማት ይደረግ» ያላለኝ ሱቅ

ጅማ ውስጥ ኮምፒውተር የሚያስጠግን ሰው ይህን ያንብብልኝ። የምጽፈው ታፔላ ስለሌላት አንዲት ትንሽ ሱቅ ነው። ከሂርማታ ገበያ ብዙም አትርቅም። በጨርቅ ሱቅና በሞባይል መሸጫ መሃል የተሸጎጠች ናት፤ በሯ ሰማያዊ ቆርቆሮ ነው። አባትና ልጅ ይሠሩባታል። አባትየው ዕድሜያቸውን ሬድዮና ቴሌቪዥን ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ልጅቷ እዚሁ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ቴክኖሎጂ ተምራ የተመረቀች ናት። ስማቸውን አልጽፍም፤ ፈቃድ አልጠየቅኳቸውም። «ሰማያዊው በር» ብላችሁ ብትጠይቁ ሰፈሩ ያሳያችኋል።

እኔን ሦስት ወር ያንገላታኝን ነገር ፈትተውልኛል። ግራፊክስ ካርድን (ሥዕል ወደ ስክሪን የሚያወጣውን ክፍል) ለቨርችዋል ማሽን፣ ማለትም ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር ለተሠራ ሌላ ኮምፒውተር፣ የማስረከብ ጉዳይ ነው። ይህን በከተማችን የሚሞክር ሰው ብዙ አይደለም። ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ እጽፋለሁ። ሱቋን የማይፈልግ ሰው እንኳ ያው ችግር ከገጠመው መላውን እዚህ ያገኘዋል።

ሥራዬ ቪዲዮ ማቀናበር ነው። ሠርግ፣ ኒካህ፣ መልስ፣ ምርቃት። ስቱዲዮዬ ፈረንጅ አራዳ ነው። አንድ ክፍል፣ አንድ ኮምፒውተር፣ ሁለት ሞኒተር። ዓምና ክረምት ላይ አንድ ደንበኛ ፍላሽ ይዞ መጣ። «ዘፈን አለበት፣ ከቪዲዮው ላይ አስገቢልን» አለኝ። ሰካሁት። ማታ ስመለስ የፋይሎቼ ስም በሙሉ ተቀይሯል፤ አንዱም አይከፈትም። ዴስክቶፑ ላይ ገንዘብ የሚጠይቅ ጽሑፍ ተቀምጧል።

የስድስት ድግስ ቪዲዮ ነበር። አምስቱን ከካሜራ ካርዶችና ከአንድ አሮጌ ሃርድ ዲስክ እየለቃቀምኩ አሰባሰብኩ። አንዱን መልስ ግን ውሃ በላው። ለሙሽራዋ ቤተሰብ ልነግራቸው ቤታቸው ሄድኩ። እናትየዋ ቪዲዮውን ይዤ የመጣሁ መስሏቸው ቄጤማ ጎዝጉዘው፣ ቡና አቀራርበው ጠበቁኝ። ቴሌቪዥኑ ተወልውሎ፣ ልጆቹ ፊት ለፊቱ ተደርድረው ተቀምጠዋል። አቦሉን ጠጣሁ። ቶናው እስኪደርስ አፌን መክፈት አልቻልኩም። እናትየዋ አልተቆጡኝም፤ «ይሁን ልጄ» ብቻ ነው ያሉኝ። ያን ቀን ከቤታቸው ስወጣ ይህ ነገር ሁለተኛ በእኔ እጅ እንደማይደርስ ለራሴ ቃል ገባሁ።

ሁለት ኮምፒውተር የመግዛት አቅም የለኝም። የመረጥኩት ይህን ነው፦ ኮምፒውተሩ ላይ በቀጥታ ፕሮክስሞክስ ይጫናል። ፕሮክስሞክስ የቪየና ኩባንያ የሚያዘጋጀው፣ ዴቢያን ሊኑክስ በሚባል፣ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተር በሚያሠራ ሲስተም ላይ የቆመ፣ በነፃ የሚገኝ ሲስተም ነው። ፋይሎቹን የሚጠብቀው እሱ ነው። ዊንዶውሱ በሱ ውስጥ፣ በቨርችዋል ማሽን ይኖራል። የደንበኛ ፍላሽ የሚከፈተው እዚያ ብቻ ነው። ማታ ማታ ያለቀው ሥራ ዊንዶውሱ ሊደርስበት ወደማይችል ዲስክ ይገለበጣል። ዊንዶውሱ ቢበከል ወደ ትናንቱ መመለስ ነው።

ታዲያ ለምን ሊኑክሱ ላይ ራሱ አትሠሪም የሚለኝ አይጠፋም። የምሠራው ዳቪንቺ ሪዞልቭ በሚባለው የቪዲዮ ማቀናበሪያ፣ በነፃው ነው። ነፃው የሊኑክስ ሪዞልቭ ኤች.264 በሚባለው ዓይነት የተቀረጸ ቪዲዮ አልከፍት ብሎኛል፤ የካሜራዎቼ ቪዲዮ ደግሞ በሙሉ እሱ ነው። የሦስት ሰዓት ሠርግ ሁሌ እየቀየርኩ ልኖር አልችልም። ዊንዶውስ ያስፈልገኛል።

ሪዞልቭ ያለ ደህና ግራፊክስ ካርድ አይላወስም። ቨርችዋል ማሽን ደግሞ የሚሰጠው ስክሪን ማሳያ ብቻ የሆነ የማስመሰያ ካርድ ነው። ስለዚህ እውነተኛውን ካርድ ከፕሮክስሞክሱ ወስዶ ለዊንዶውሱ በቀጥታ ማስረከብ ያስፈልጋል። ፓስስሩ የሚባለው ይሄ ነው። ዊንዶውሱ ካርዱን እንደ ራሱ ንብረት ያዝዘዋል፤ ፍጥነቱም በቀጥታ ከተጫነ ዊንዶውስ ብዙም አይለይም። የሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ይህን የሚሠራበት ክፍል ቪኤፍአይኦ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2012 በከርነል 3.6 የገባ ነው፤ አዲስ ነገር አይደለም።

የኔ ካርድ የኤንቪዲያ ኩባንያ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ነው። ሚሞሪው 4 ጊጋ ነው። የሚፈልገው 75 ዋት ስለሆነ አብዛኞቹ ሞዴሎቹ ከማዘርቦርዱ ውጪ ሌላ የኃይል ገመድ አይጠይቁም። ኮምፒውተሬ ያገለገለ ነው፤ 8ኛ ትውልድ ኮር አይ 5፣ 16 ጊጋ ራም። ፕሮሰሰሩ በውስጡ የራሱ ግራፊክስ አለው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ ትመጣለች።

መጀመሪያ የወሰድኩት ሌላ ቦታ ነው። የትኛው እንደሆነ አልናገርም። ችግሬን ገና ሳልጨርስ «ፎርማት ይደረግ» አሉኝ። ፎርማት አደረጉት። ዊንዶውሱ ሲነሳ ስክሪኑ ጥቁር ሆነ። በሳምንቱ መልሼ ወሰድኩት። አሁንም ፎርማት። አሁንም ጥቁር። ሁለቴ 700፣ 700 ብር ከፍያለሁ። ያናደደኝ ገንዘቡ አይደለም። ማንም ሰው ማሽኑ ምን እያለ እንደሆነ አለማንበቡ ነው። ማሽኑ ሲናገር ከርሟል፤ የሚሰማው ነው ያጣው።

ሰማያዊውን በር የጠቆመኝ አንድ የባጃጅ ሹፌር ነው። የአባቱን ቴሌቪዥን የሱቋ አባት፣ ጋሼ የምላቸው፣ እንደሠሩላቸው ነገረኝ። እኔም ብዙ ተስፋ ሳላደርግ ሄድኩ።

ጋሼ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ላይ ተቀምጠው የአንድ አምፕሊፋየር ሆድ ከፍተው ይበይዳሉ። ልጅቷ ከጓሮ መጣች። ኮምፒውተሩን ተቀበለችኝና አልከፈተችውም። መጀመሪያ ወንበር ሰጠችኝ። ከዚያ ደብተር አወጣች።

«መጨረሻ የሠራው መቼ ነው?»

«ሠርቶ አያውቅም።»

«ጥቁር የሚሆነው ከመጀመሪያው ነው ወይስ የዊንዶውስ ምልክት ካሳየ በኋላ?»

«ከመጀመሪያው።»

«ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚመጡት ጽሑፎች በየትኛው ሞኒተር ነው የሚታዩት? የሞኒተሩ ገመድ የት ነው የተሰካው?»

ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ገመዱ ካርዱ ላይ እንደሆነ ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀችና ደብተሯ ላይ አሰመረችበት።

ከዚያ ነው የከፈተችው። ቨርችዋል ማሽኑን አስነሳች፤ ስክሪኑ እንደለመደው ጠቆረ። እሷ ግን ወደ ስክሪኑ አልተመለከተችም። በራሷ ላፕቶፕ ገብታ የከርነሉን ሎግ፣ ማሽኑ የሆነውን እየመዘገበ የሚያስቀምጠውን ጽሑፍ፣ አወጣች። አንድ ዓይነት መስመር በመቶዎች ተደርድሯል። ከላይ እስከ ታች ያው ነው። ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ በቀስታ አነበበችልኝ፦ ባር 1ን መያዝ አልተቻለም፣ ባር 1ን መያዝ አልተቻለም። «እዪ እህቴ፣ ምን እንደሆነ እየነገረን ነው» አለችኝ።

ያስረዳችኝን እንደገባኝ ልጻፈው። ባር ማለት ወደ ካርዱ ሚሞሪ የሚያስገባ በር ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ የመጀመሪያዎቹን ጽሑፎች የሚያሳየው በካርዱ በኩል ከሆነ፣ ሊኑክሱ ያን ጊዜ በሩን ይይዘዋል። ለስክሪን ማሳያ ብሎ የያዘውን በር ለሌላ ሳይለቅ ይቀራል። ዊንዶውሱ ተራው ደርሶ ካርዱን ሲጠይቅ በሩ ተይዟል። ድራይቨሩ (ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር) ቢቀየር፣ ዊንዶውሱ አሥር ጊዜ ፎርማት ቢደረግ ወደዚህ ቦታ አይደርስም። ችግሩ ያለው ዊንዶውስ ገና ሳይነሳ ነው።

ሊኑክሱን በትእዛዝ በሩን እንዳይዝ ማድረግ እንደሚቻል ነግራኛለች። የድሮ ከርነሎች ላይ አንድ መንገድ አለ፣ አዲሶቹ ላይ ሌላ። ከኢንተርኔት የድሮውን ትእዛዝ ገልብጦ አዲስ ከርነል ላይ የሚጽፍ ሰው አልሠራ ይለውና ግራ ይገባዋል። እኔም አንዱን ገልብጬ ነበር። እሷ ግን የመረጠችው ቀላሉን ነው። ፕሮሰሰሩ የራሱ ግራፊክስ አለው ብያችሁ አልነበር? ባዮስ ውስጥ (ሲስተሙ ከመነሳቱ በፊት ኮምፒውተሩን የሚያዝዘው ቅንብር) ገብታ ዋናው ማሳያ የፕሮሰሰሩ ግራፊክስ እንዲሆን አደረገችው። ካርድ ሲሰካ የፕሮሰሰሩን ግራፊክስ የሚያጠፋ ማዘርቦርድ አለ፤ የኔም እንደዚያ ስለነበር ሁለቱም እንዲበሩ የሚያደርገውን ምርጫ አበራች። የአንዱን ሞኒተር ገመድ ከካርዱ ነቅላ ማዘርቦርዱ ላይ ሰካችው። ሊኑክሱ በዚያ በኩል ይነጋገር፤ ካርዱን አይንካው።

የባር ስህተቱ ጠፋ። አንዲትም መስመር አልቀረችም። ሎጉ ነጥቶ ሳየው አንጀቴ ነው የራሰው።

ቀጥሎ ሌላ ነገር ወጣ። ግራፊክስ ካርድ አንድ ዕቃ ይመስለን ነበር። ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት ነው። የኔው 01:00.0 ላይ ሥዕሉ፣ 01:00.1 ላይ በኤችዲኤምአይ የሚወጣው ድምፁ ሆኖ ይታያል። ሁለቱ በአንድ ቡድን ውስጥ ናቸው። አይኦኤምኤምዩ የሚባለው የማዘርቦርዱና የፕሮሰሰሩ ዘበኛ ዕቃዎችን በቡድን ነው የሚለያቸው፤ አንዱን ለዊንዶውሱ ሰጥቶ ሌላውን ሊኑክሱ ይዞት መቅረት አይሆንም። ከዚህ በፊት የሠሩት ሰዎች ሥዕሉን ብቻ ነበር ያዘጋጁት። ድምፁን የሊኑክሱ የድምፅ ድራይቨር ይዞታል። ልጅቷ ሁለቱንም ቁጥሮች ለቪኤፍአይኦ አስመዘገበች፣ የማስነሻ ፋይሉን እንደገና ሠራች፣ ማሽኑን አጥፍታ አበራች። ከዚያ ሁለቱም ዕቃዎች አጠገብ የተጻፈውን የድራይቨር ስም እኔ ራሴ እንዳነብ አደረገችኝ። ሁለቱም ላይ ቪኤፍአይኦ ይላል። «አሁን አንቺም ታውቂያለሽ፤ ሲበላሽ መጀመሪያ ይህችን እዪ» አለችኝ። ደንበኛዋን እንዲህ የምታስተምር ባለሙያ አይቼ አላውቅም።

ዊንዶውሱ ተነሳ። ሥዕል መጣ፤ ግን ጥራቱ የወረደ ነው። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ካርዱ ላይ ቢጫ ምልክት አለ፤ ኮድ 43። ይህን ቁጥር የሚያውቁ ያውቁታል። የጂፎርስ (የኤንቪዲያ ካርዶች) ድራይቨሮች በቨርችዋል ማሽን ውስጥ መሆናቸውን ካወቁ አንሠራም የሚሉበት ዘመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ከ465 ድራይቨር ጀምሮ ግን ኤንቪዲያ ራሱ ፈቅዶታል። እኔ ላይ የተጫነው ከዚያ በፊት የወጣ ድራይቨር ነው፤ ቀድሞ የሠራው ሰው ኪሱ ውስጥ ካለ ፍላሽ የጫነው። ልጅቷ አዲሱን አወረደች። ከግማሽ ጊጋ በላይ ስለሆነ እስኪወርድ ጋሼ ከጎረቤት ቡና አስመጡልን። ተጫነ፤ ቢጫው ምልክት ጠፋ። ሪዞልቭን ከፈትኩ። የአንድ ኒካህ ቪዲዮ አስገብቼ አጫወትኩት። ሳይንተፋተፍ ሄደ። ሙሽራው ሲስቅ፣ ጓደኞቹ ሲያጨበጭቡ ሁሉ እያየሁ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። አላለቀም። ሱቋን ይህን ያህል እንድወዳት ያደረገኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

ኮምፒውተሩን በባጃጅ ጭኜ ስቱዲዮዬ ወሰድኩት። ሰካሁት። መጀመሪያ አንድ ጥቁር ስክሪን ላይ «ለመቀጠል ኤፍ 1 ተጫን» የሚል መጣ፤ ተጫንኩ። ከዚያ ዊንዶውሱ ጭራሽ አልነሳ አለ። የሚለው ሌላ ነው፤ አይኦኤምኤምዩ አልተገኘም ይላል። በነጋታው ተመለስኩ። ልጅቷ ባዮስ ውስጥ ገብታ ስታየው የቀየረችው ሁሉ ወደ ቀድሞው ተመልሷል። ዋናው ማሳያ ካርዱ ሆኗል፤ ቪቲ-ዲ የሚባለው፣ ለአይኦኤምኤምዩ የግድ የሚያስፈልገው ምርጫ ደግሞ ጠፍቷል። «ሴቭ ሳላደርገው ቀርቼ ይሆናል፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ብላ ይቅርታ ጠየቀችኝ። እንደገና ሠራችው። ፊቴ አራት ጊዜ አጥፍታ አበራችው፤ አራቱንም ጊዜ ሠራ። ስቱዲዮ ወሰድኩት። ኤፍ 1 ተጫን። ጥቁር።

ሦስተኛ ቀን ስመጣ ማልቀስ ነበር የቀረኝ። እሷ ግን ደብተሯን ነው ያወጣችው። ሎጉን ከላይ ጀምራ አነበበች። ስህተቱን አይደለም የምታነበው፤ ከግራ በኩል ያለውን ቀኑን ነው። ዛሬ ጠዋት ስቱዲዮዬ ውስጥ የተነሳበት ሎግ መጀመሪያ ላይ ዓመታት ወደ ኋላ የቀረ ቀን ይዟል። ጥቂት መስመሮች ወረድ ሲል፣ ኢንተርኔት ሲያገኝ፣ ወደ ዛሬው ቀን ይዘላል። «ሰዓቱ ጠፍቶበታል» አለች፣ ለራሷ እንደሚናገር ሰው።

ጋሼ ከበርጩማቸው ላይ ቀና አሉ። እስከዚያ ሰዓት በኮምፒውተሩ ጉዳይ አንድ ቃል አልተነፈሱም ነበር።

«ሰዓቱ ምን አለሽ?»

«በተነሳ ቁጥር ወደ ኋላ ይሄዳል አባ።»

ተነሱ። የኮምፒውተሩን ጎን ፈቱት። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉና ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ፣ ሳንቲም የምታክል ባትሪ በጥፍራቸው አወጧት። የመልቲሜትሩን ቀዩንና ጥቁሩን ጫፍ ግራና ቀኝ አስነኳት። ይህች ባትሪ 3 ቮልት ነው መስጠት ያለባት። መለኪያው 1.9 አለ። ጋሼ መዳፋቸው ላይ አድርገው አሳዩኝ። «ልጄ፣ ማሽንሽ የተነገረውን የሚያስታውሰው በዚህች ነው» አሉኝ። «ሶኬት ላይ እስካለ ድረስ ከመብራቱ ትንሽ እየወሰደ ያስታውሳል። ነቅለሽ ባጃጅ ላይ ስትጭኚው ይረሳል።»

ሁሉም ነገር ግልጥ አለልኝ። ሱቅ ውስጥ አጥፍተው ሲያበሩት ሶኬቱ እንደተሰካ ነው፤ ስለዚህ ይሠራል። ነቅዬ ስወስደው ባዮሱ ሁሉን ይረሳል። ኤፍ 1 ተጫን የሚለውም ይህንኑ ሊነግረኝ ነበር፤ እኔ አላነበብኩትም። ጅማ ደግሞ ክረምቱ ዝናብና መብረቅ ነው፤ መብራት ይሄዳል። ዩፒኤሱ የሚይዘው ለአጭር ጊዜ ነው። መብራት ረዘም ላለ ሰዓት በሄደ ቁጥር ስቱዲዮዬ ውስጥም ያው ይደርስብኝ ነበር ማለት ነው። ሦስቱን ወር ሳስበው፣ አንዳንዴ የስህተቱ መልእክት የሚለያይብኝ ለዚህ ነው።

ጋሼ አዲስ ባትሪ ገጠሙ። ልጅቷ ባዮሱን ለሦስተኛ ጊዜ አስተካከለች። ልወስደው ስነሳ ጋሼ እጃቸውን ኮምፒውተሩ ላይ ጫን አደረጉ። «ዛሬ አይሄድም። ነቅለን እናሳድረዋለን። ነገ ጠዋት ካስታወሰ ያን ጊዜ ትወስጂዋለሽ።» ገመዱን ነቅለው ጠቅልለው ላዩ ላይ አስቀመጡት። በማግስቱ ጠዋት ሦስታችንም ቆመን ሰካነው። ኤፍ 1 አልመጣም። ሰዓቱ ልክ ነው። ዊንዶውሱ ተነሳ። ጋሼ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ወደ አምፕሊፋየራቸው ተመለሱ።

ከአምስት ወር በላይ ሆነው፤ እየሠራሁበት ነው። ሳልወጣ ሁለት ነገር አስተካክላልኛለች። አንደኛው ድምፅ ነው፤ በኤችዲኤምአይ የሚወጣው ድምፅ ይንጫጫ ነበር። ዊንዶውሱ ውስጥ የካርዱን የድምፅ ክፍል ኤምኤስአይ በሚባለው የኢንተራፕት (ዕቃው ፕሮሰሰሩን የሚጠራበት ምልክት) ዓይነት እንዲሠራ ስታደርገው ጠራ። ሁለተኛው ራም ነው። ለዊንዶውሱ 14 ጊጋ ሰጥቼው ነበር። ካርድ ሲረከብ የቨርችዋል ማሽኑ ራም በሙሉ ተቆልፎ ይያዛል እንጂ ሲያስፈልግ ብቻ አይወሰድም። ፕሮክስሞክሱ ታፍኖ ነበር የሚሠራው። 10 ላይ ስታደርገው ሁሉም ተነፈሰ።

ይህን አሠራር ለሚያስቡ ሰዎች ደስ የማይለውንም ልንገራችሁ። ካርድ የተረከበ ቨርችዋል ማሽን እየሠራ ሳለ ከነሚሞሪው ስናፕሾት (ወደ ኋላ መመለሻ ቅጂ) አይነሳም፤ እኔ ማታ አጥፍቼ ነው የማነሳው። ካርዱ ላይ የተሰካው ሞኒተር ዊንዶውሱ እስኪነሳ ጨለማ ነው። ዊንዶውሱን ሳጠፋም ይጨልማል፤ የተበላሸ እንዳይመስላችሁ። የካርዱ ዓይነትም ለውጥ አለው። አጋሮ ያለ የሙያ ጓደኛዬ የኤኤምዲ ኩባንያ አርኤክስ 580 ካርድ አለው። የሱ ቨርችዋል ማሽን አንዴ ይነሳል፤ አጥፍቶ መልሶ ሲያስነሳው ግን ካርዱ አይመለስም፣ ኮምፒውተሩን በሙሉ ማጥፋት አለበት። ልጅቷን ስጠይቃት «ኤኤምዲ ሠርቼ አላውቅም፣ ላንብብና ልንገርሽ» አለችኝ። በሁለተኛው ቀን ደወለች። የዚያ ትውልድ ካርዶች ራሳቸውን በትክክል ሪሴት አለማድረግ የታወቀ ችግራቸው እንደሆነ፣ ቬንደር ሪሴት የሚባል የከርነል ሞጁል እንዳለው ነገረችኝ። ጓደኛዬ ጭኖት ሠርቶለታል። ላላየችው ማሽን አንድ ብር አልተቀበለችም።

ሒሳቡ ይህ ነው። ለሁሉም ሥራ 1,800 ብር፣ ለባትሪው 150። ሦስት ጊዜ ስመላለስ ተጨማሪ አልጠየቁኝም። እንዲያውም ባትሪውን መጀመሪያ ባለማየታቸው ጋሼ 200 ብር ሊቀንሱልኝ ፈልገው ነበር፤ እምቢ ብያለሁ። ሲያንስ ነው።

ቅሬታዬንም አልደብቅም። ደረሰኝ አይሰጡም፤ ለድርጅት ዕቃ ለሚያሠራ ሰው ይህ ችግር ነው። ዋስትናው በቃል ነው። ልጅቷ የምትገኘው ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው። ስልክ ደውላችሁ የማታገኟቸው ጊዜ ብዙ ነው፤ ሥራ ላይ ከሆኑ አያነሱም። ዓርብ ቀትር ላይ ለጁምዓ ይዘጋሉ። ሐሙስ ገበያ ስለሆነ ኮምፒውተር ተሸክሞ መግባት መከራ ነው፤ ሌላ ቀን ሂዱ። ሱቋ ጠባብ ናት፤ የብየዳው ጭስ የሚያስነጥሰው ሰው ውጭ ቢጠብቅ ይሻለዋል። ካርድም ማዘርቦርድም አይሸጡም። ዊንዶውስና ኦፊስ በግማሽ ሰዓት አስጭኖ መሄድ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የሚቀርብ ብዙ ቦታ አለ። እነሱ ይዘገያሉ። አንድ ማሽን ይዘው ሳይጨርሱ ሁለተኛ አይነኩም።

ኮምፒውተሬን ስረከብ የጎኑ ክዳን በውስጥ በኩል አንድ ካርቶን በፕላስተር ተለጥፎበታል። የልጅቷ የእጅ ጽሑፍ ነው። ባዮስ ውስጥ የተቀየሩት አራት ምርጫዎች፣ የሁለቱ የካርድ ክፍሎች ቁጥር፣ ለዊንዶውሱ የተሰጠው ራም፣ የትኛው ሞኒተር የት እንደሚሰካ፣ ባትሪው የተቀየረበት ቀን። ከሥሩ ደግሞ በሌላ እስክሪብቶ፣ ወፈር ባለ ጽሑፍ፣ ጋሼ አንድ መስመር ጨምረውበታል፦ «ባትሪው በሦስተኛው ዓመት ይለካ»።

ባለፈው ሳምንት ሌሊቱን ሙሉ መብራት ጠፍቶ አደረ። ጠዋት ገብቼ ማብሪያውን ስጫን እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰዓቱ ልክ ነበር። ዊንዶውሱ ተነሳ፤ ካርዱ ተገኘ። ከሰዓት በኋላ የአንድ መልስ ቪዲዮ አስረክቤያለሁ።